ትዕግሥተኛ በቅሎ ለጨረታ ቀርባለች

እኔ ውሸታም አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች ያለውን ሰምታችሁ ቶሎ እንዳትፈርዱብኝ ነው። የአማርኛ መምህር ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት መካነ ሰላም ላይ ቅጽል ሳስተምር ነው። ቅጽል ስምን እንደሚያደምቅ ለስንቱ ተማሪ ነገርኩ! ሰውን ከሰው እንደሚያጣላ ግን መማሪያ መጽሐፉ ላይ አልነበረም። እሱን የተማርኩት በበቅሎ ነው።

ነገሩ የሆነው ኔትወርክ ለመያዝ ስልክ ይዘን ጉብታ ላይ እንወጣ በነበረበት፣ መምህራን አንድ ለአምስት ተደራጅተን በየሳምንቱ ራሳችንን በምንገመግምበት ዘመን ነው። ደሴ ያለ አንድ ሰው፣ መልኩን አይቼው አላውቅም፣ ኢንተርኔት ላይ የጨረታ ገጽ ከፈተ። ዕቃህን ፎቶ ታነሳለህ፤ ከሥሩ መግለጫ ትጽፋለህ፤ የፈለገው ሰው የሚሰጠውን ዋጋ እዚያው ይጽፋል፤ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ጨረታው ይዘጋል፤ ከሁሉ አብልጦ የሰጠ ይወስዳል። ጥብቅ ደንቡ አንድ ነበር። ዕቃው እንደ መግለጫው ሆኖ ካልተገኘ፣ መግለጫውን የጻፈው ሰው ስም በቀይ ቀለም ገጹ አናት ላይ ወጥቶ አንድ ወር ይቆያል።

መጀመሪያ የሸጥኩት የራሴን ቴፕ ነው። ከሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች አንደኛው ከሞተ ቆይቷል። ሌላ ሰው ቢሆን «አንዱ አይሠራም» ብሎ ይጽፍና ቴፑን ታቅፎ ይቀር ነበር። እኔ «ድምፁ ጎረቤት የማይረብሽ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት ነው? አይደለም። አይረብሽም። ቴፑ በሁለት ቀን ተሸጠ። የገዛው የከላላ ሰው እስከ ዛሬ አልወቀሰኝም፤ ጎረቤቶቹም ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ከተማው ሰማ። ሰው ዕቃውን ይዞ ይመጣል፣ እኔ እገልጻለሁ። ሲጥ ሲጥ የሚል አልጋ መጣ፤ «ባለቤቱ መንቃቱን ለቤተሰቡ የሚያሳውቅ» አልኩት። በሩ አልገጥም ያለ ቁም ሳጥን መጣ፤ «ልብስ አየር እንዲያገኝ ሆኖ የተሠራ» አልኩት። ሁሉም ተሸጡ። እኔም ልቤ አበጠ። ክፍል ውስጥ ቾኩን ስይዝ እንኳ አያያዜ ተለወጠ።

ባለቤቴ አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች፣ «እኔን ለጨረታ ብታወጣኝ ምን ብለህ ትጽፋለህ?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ጥቂት የብልህ ሥራዎች አንዱ ያ ዝምታ ነው።

እንግዲህ በዚህ ክብር ላይ ሳለሁ ነው መርጌታ አክሊሉ የመጡት። መርጌታ የዜማ መምህር ናቸው። ከመካነ ሰላም እስከ ወግዲ ባለው መንገድ ላይ ያሉ አድባራት ሁሉ በዓል በደረሰ ቁጥር የሚጠሩት እሳቸውን ነበር። ታዲያ ዓይናቸው ከዓመት ዓመት እየደከመ ሄዶ ከሰው ጥላው ብቻ ቀረላቸው። ደሴ ያለችው ልጃቸው «ይምጡና አብረን እንኑር» አለቻቸው። ችግሩ በቅሏቸው ናት። ልጅቱ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

በቅሏቸውን «እሜቴ» ነው የሚሏት። የዚያን ቀንም ልጓሟን ይዘው፣ ወይም እሷ እሳቸውን ይዛ፣ በሬ ላይ ቆሙ።

«መምህር፣ ይህን የስልክ ጨረታ ሰማሁ» አሉኝ። «እሜቴን ገበያ አውጥቼ ያገኘው ሁሉ አፏን ፈልቅቆ ጥርሷን ሲቆጥር ማየት አልችልም።» ትንሽ አሰቡና አረሙ። «ማየቱንስ አላየውም። መስማት አልችልም።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኳቸው።

«ያለውን። ዳማ ናት። ሰጋር ናት፤ ስትሄድ ብርሌ ይዘህባት አይፈስም። ጭነት አታውቅም፣ ጭነት ለሚጭን አልሰጥም። ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስትደርስ ትቆማለች። አሥራ አምስት ዓመት ሳልሳለም አልፌ ስለማላውቅ እሷም ዝም ብላ አታልፍም። ይህን አደራ እንዳትረሳው። ስትቆም ደግሞ…»

«አብሽሩ መርጌታ፣ ገባኝ» ብዬ አቋረጥኳቸው። ቃላቱ አፌ ውስጥ ሞልተው ነበርና ተጨማሪ ነገር የማስገባበት ቦታ አልነበረኝም።

ፎቶ ማንሳቱ ግማሽ ቀን ፈጀ። እሜቴ ስልኩን ባየች ቁጥር ዞራ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። በመጨረሻ በጎን የወጣች አንድ ፎቶ ተገኘች፤ በእሷም ላይ የመርጌታ ዣንጥላ ከበቅሎዋ ሆድ የበቀለ ይመስላል። ከሥሯ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ።

«ዳማ፣ ሰጋር፣ ጨዋ በቅሎ። ከሊቅ እጅ የወጣች። ትዕግሥቷ ለሰው የሚተርፍ። መንገዱን ከተቀማጩ ይልቅ የምታውቅ፤ ባለቤቷ ቢያንቀላፋ እንኳ የምታደርስ። ጭነት ለሚጭን አትሰጥም።»

ባለቤቴ አነበበችው። መርጌታ ሲናገሩ ጓዳ ሆና ሰምታ ነበር።

«የቤተ ክርስቲያኑ ነገርስ የት አለ?»

«‹ትዕግሥቷ› ውስጥ አለ» አልኳት።

ሽንኩርት አልነበረም እንጂ አስተያየቷ ያው የሽንኩርቱ ቀን አስተያየት ነበር።

ጨረታው ሞቀ። የኩታበር ሰው ሰጠ፣ የአቀስታ ሰው ጨመረ፣ አንዱ ሥራ ፈት ደግሞ «ዣንጥላውም አብሮ ይሸጣል ወይ?» ብሎ ጻፈ። ረቡዕ ላይ አንዲት ረሕማ የምትባል ሴት ገባች። ከዓረብ አገር ነው የምትጽፈው፤ ሰው ቤት ትሠራለች። ሌላው በጨመረ ቁጥር እሷ ትጨምራለች። ዓርብ ዕለት ለእኔ ለብቻዬ ላከችልኝ።

«መምህር፣ በቅሎዋ ለአባቴ ናት። ወግዲ አካባቢ ነው ያለው፤ ማርና ቅቤ ሊገዛ ገጠር ለገጠር ይዞራል። ጉልበቱን እያመመው ነው፣ ሆኖም ተቀመጥ ብለው አይቀመጥም። ‹ቢያንቀላፋ እንኳ የምታደርስ› ያልከው እውነት ነው ወይ? እሱን አንብቤ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።»

እዚህ ላይ ልብ ያለው ሰው ይጠነቀቃል። እኔ ግን ጽሑፌ ባሕር ተሻግሮ ሰው ማስተኛቱን ሳውቅ ደስታው አናቴ ላይ ወጣና፣ «እኅቴ፣ ቃሌ ነው» ብዬ መለስኩ።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ በቅሎዋ የረሕማ ሆነች።

አባቷ ሐጂ ይመር ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ መጡ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲቀመጡ እንኳ የሚሄዱ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ሰላምታቸውን ጀምረው ሳይጨርሱት ጉዳያቸው ውስጥ ይገባሉ። መርጌታ በቅሏቸውን አንገቷን አቅፈው ቆመው ነበር።

«ሐጂ፣ አያስቸኩሏት።»

«አብሽሩ መርጌታ! እኔ መች እቸኩላለሁ?» አሉ ሐጂ፣ አንድ እግራቸው እርካቡ ላይ ወጥቶ።

«የተጻፈውንስ አይተውታል?»

«ልጄ በስልክ አንብባልኝ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

«እንግዲያ ሁሉንም ያውቁታል ማለት ነው» አሉ መርጌታ፣ ልባቸው አርፎ።

እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር። አቧራ ነበረበት።

ሐጂ ሄዱ። መርጌታ ኮቴዋ እስኪጠፋ ድረስ ጆሯቸውን አዘንብለው ቆዩ። ከዚያ እጄን ያዙና፣ «ደግ ሰው ይመስላል። የሚቸኩል ደግ ሰው» አሉኝ።

ሁለት ሳምንት ሰላም ሆነ። ረሕማ በየዓርቡ፣ የእረፍት ቀኗ ስለሆነ፣ «በቅሎዋ እንዴት ናት? አባቴን ብጠይቀው ‹ደህና ናት› ብሎ ይዘጋዋል። እስኪ አንተ ንገረኝ፣ አንተ ስትናገር ይታየኛል» ትለኛለች። እኔ ምን አውቄ! ግን ዝም ማለት ነውር መሰለኝ። «በወግዲ ሜዳ ላይ እንደ ደመና ትንሳፈፋለች» ብዬ ጻፍኩላት። በሚቀጥለው ዓርብ ደግሞ፣ «አባትሽ ከላይዋ ሲታዩ ጉልበት የሚባል ነገር እንዳላቸው የረሱ ይመስላሉ» አልኳት። ማንም አላየም፣ ማንም አልነገረኝም። ሆኖም እኔ ውሸታም አይደለሁም ብያለሁ፤ እንግዲህ ይህን ምን እንደምትሉት እናንተ ታውቃላችሁ።

በሦስተኛው ዓርብ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ቅጽል» ብዬ ጽፌ ዞር ስል ተማሪዎቹ ሁሉ በመስኮት ወደ ውጪ ያያሉ። እኔም አየሁ። ሐጂ ይመር እሜቴን እየጎተቱ በትምህርት ቤቱ ግቢ መሀል ይመጣሉ። ርዕሰ መምህሩ ደብተር ይዞ ሮጦ ወጣ።

«ሐጂ፣ ቅሬታ ነው? የመልካም አስተዳደር ጉዳይ ነው?»

«የበቅሎ ጉዳይ ነው። ያን ገላጭ ጥራልኝ።»

ወጣሁ። ሐጂ ከደረት ኪሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ። መግለጫዬ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት አስወስደው በትልልቁ አስጽፈው፣ እንዳይቀደድ በፕላስቲክ አስለብጠውታል። እንደ መታወቂያ ያበራል። ደጃፉ ላይ ቆመው ለእኔ፣ ለርዕሰ መምህሩና በመስኮት ለተንጠለጠለው ተማሪ ሁሉ ማንበብ ጀመሩ።

«‹ትዕግሥቷ ለሰው የሚተርፍ።› ይኸን ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ ሐጂ።»

«ተርፎኛል! ከዚህ ወግዲ ሰባት ቤተ ክርስቲያን አለ። አንተ ታውቅ ነበር ሰባት መሆኑን? እኔ ስድሳ ዓመት ስመላለስበት አላውቅም ነበር። አሁን ሰባቱንም አውቃለሁ። የበሩን ቀለም አውቃለሁ። ሰባቱም ላይ ቆማ፣ ብጎትታት፣ ብለምናት፣ ብጮህባት፣ ወላሂ ንቅንቅ የለም! በዙህር እደርሳለሁ ያልኩት ሰው መግሪብ ላይ ደረስኩ።»

ተማሪው ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም፤ መሬቱ ቢከፈት ደስ ይለኝ ነበር።

«‹ባለቤቷ ቢያንቀላፋ እንኳ የምታደርስ።› ይኸውልህ፣ ባለፈው ታደርሳለች ብለህ የጻፍከውን አምኜ አንቀላፋሁ። ስነቃ የት ነኝ? ማርያም ደጃፍ! ወሩ በሃያ አንድ! ለጠበል ጠዲቅ የተሰበሰበው ሕዝብ ከብቦኝ ‹ሐጂ፣ እንኳን አደረስዎ› ይለኛል። ዳቦ ቆረሱልኝ። ምን ልበል? ሰው አክብሮ ሰጥቶኝ!»

«ዳቦውስ?» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ ምን እንደሚል ግራ ገብቶት።

«ዳቦው ጥሩ ነበር» አሉ ሐጂ በቁጣ። «ከዚያ በኋላ ግን የመስጊዱ ጀማዓ ሲያየኝ ‹ሐጂ፣ ለጥምቀት የት ነህ?› ይለኝ ጀመር። ይህንንም ቻልኩ። ያለፈው ዓርብ ግን ጊዮርጊስ ጋ ቆማብኝ ጁምዓ አመለጠኝ።»

እዚህ ላይ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ሐጂ ወረቀቱን አጥፈው ሊያስገቡት ሞከሩ፤ በፕላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ አልታጠፍ አላቸው።

«ሐጂ» አልኩ፣ «በቅሎዋ ትመለስ። ስሜም በቀይ ይውጣ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ስምህን በቀይ ማስወጣት ጠፍቶኝ መሰለህ? ገጹ ላይ ከወጣ ረሕማ ታየዋለች። ስድስት ዓመት ሰው ቤት ስትንከራተት ለእኔ መጀመሪያ የላከችው ነገር ይህች በቅሎ ናት። ‹አባ፣ አሁን እየተመቸህ ነው?› ትለኛለች። ተመቸኝ እላታለሁ። አንተም እንደ ደመና ትንሳፈፋለች ብለሃት፣ እሷ ደግሞ ለእኔ መልሳ አነበበችልኝ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ደመና ጊዮርጊስ ደጃፍ ይቆማል?»

ብዙ ቅጽል አውቃለሁ፤ አንዱም አልመጣልኝም።

ሐጂ ጁምዓቸውን እዚያው መካነ ሰላም ሰገዱ። ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም፣ ማለት ሐጂ፣ እኔና በቅሎዋ፣ ወደ መርጌታ ቤት ሄድን። መርጌታ ደሴ ለመሄድ ዕቃቸውን በጆንያ አስረው ተቀምጠዋል። ገና አጥሩ ጋ ሳንደርስ ተነሱ።

«እሜቴ ናት!» አሉ። «የኋላ ግራ ጫማዋ ላልቷል። ምነው ሳይታደስላት?»

ሐጂ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሯቸው። መርጌታ ሰምተው ሲያበቁ ፊታቸውን እኔ ወዳለሁበት መለሱ።

«አልጻፍከውም?»

«በሌላ ቃል ጻፍኩት።»

«አንተ ልጅ፣ የእኔ እንኳ ዓይኔ ነው የጠፋው። አንተ ምን ሆነህ ነው?»

ብዙ ጊዜ ተገምግሜአለሁ። አንድ ለአምስት ተገምግሜአለሁ፣ በወረዳ ደረጃ ተገምግሜአለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ተገምግሜ አላውቅም።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። ሐጂ በቅሎዋ ላይ ናቸው፤ መርጌታ ትከሻዬን ይዘው በእግራቸው። ከከተማው መውጫ ላይ ሚካኤል አለ። ደጃፉ ጋ ስትደርስ እሜቴ አራት እግሯን ተከለች።

«ይኸው!» አሉ ሐጂ። «ይኸው ጉድሽ!»

«አብሽሩ» አሉ መርጌታ። «እስኪ ይንገሩኝ፣ እንዲህ ስትቆም እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ምን እላለሁ! ‹ሂጂ› እላለሁ። ‹አንቺ ጉድ፣ አንቺ መከራ› እላለሁ። አንዳንዴ የመምህሩን ስም እጠራለሁ።»

«ብዙ ይላሉ?»

«ጉሮሮዬ እስኪዘጋ!»

መርጌታ መሳቅ ጀመሩ። ሲስቁ ዓይናቸው ይከደናል፤ ቀስ እያለ የሚመጣ፣ ትከሻን የሚነቀንቅ ሳቅ ነው።

«ለዚህ ነዋ! ለመምህሩ ልነግረው ስል አልሰማኝም እንጂ፣ እሜቴ የምትጠብቀው ድምፄን ነው። እኔ እዚህ ስደርስ ጸሎቴን በለሆሳስ እላለሁ። ድምፄ እስካለ ትቆማለች፤ ድምፄ ሲያበቃ ትሄዳለች። እርስዎ ሲቆጡ ረዥም ጸሎት የያዙ መስሏት ነው። በተቆጡ ቁጥር ምሕላ ላይ ናቸው እያለች ስትጠብቅ!»

ሐጂ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «ያ ሁሉ ቁጣዬ…»

«ጸሎት ሆኖ ነው የተቆጠረልዎ።»

«ዝምም ብዬ አይቻለሁ እኮ! ያኔም አልሄደችም።»

«ያኔ ደግሞ እስኪጀምሩ ትጠብቃለች።»

ሐጂ ልጓሙን ይዘው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ረጋ ብለው፣ «መርጌታ፣ ይህ ግን አይሆንም። እኔ የእናንተን ጸሎት አልልም» አሉ።

«የእኛን ይበሉ ያለዎ ማን ነው? የራስዎን ይበሉ። ከአላህዎ ጋር እሜቴ ምን አግብቷት?»

ሐጂ ግራና ቀኝ አዩ። ሰው የለም፤ እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔን ደግሞ እንደ ሰው መቁጠር ትተዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑና ፋቲሓቸውን በለሆሳስ ማንበብ ጀመሩ። የእሜቴ ጆሮዎች ወደ ኋላ ዞሩ። ቆመች። ሐጂ አነበቡ። በመጨረሻ ቀስ ብለው «አሚን» አሉና ዝም አሉ።

በቅሎዋ ራሷን አንድ ጊዜ ነቀነቀችና መንገዷን ቀጠለች። ያን የተባለለትን ስግሪያዋን ጀመረች፤ ሐጂ ነጭ ቆባቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ራቁ።

«ሄደች?» አሉኝ መርጌታ።

«ሄደች።»

«አሜንን በሰው ሁሉ አፍ ትሰማዋለች ማለት ነው» አሉ። ስንመለስ ትከሻዬን የያዘው እጃቸው ከበደኝ። ማክሰኞ ወደ ደሴ ሄዱ።

እኔ ግን አንድ ሥራ ቀርቶኛል። ሐጂ ሲለዩን፣ «ለልጄ እውነቱን ጻፍላት። እኔ ብነግራት ልትከፋ ነው ብዬ ስለምፈራ አሳንሼ እነግራታለሁ። ደመና የሚባል ነገር ግን እንዳይገባበት» ብለውኝ ነበር። እሁድን ሙሉ ተቀምጬ ጻፍኩ። ስልኩ ላይ ጀምሬ እሰርዛለሁ፤ እጀምርና እሰርዛለሁ። ጣቴ በልማድ ወደ ማሳመር እየሮጠ አስቸገረኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ «ይህን አውጣው… ይህንንም አውጣው» ስትለኝ ዋለች። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነው።

«ረሕማ፣ በቅሎዋ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስትደርስ ትቆማለች። ይህን ከመጀመሪያው አውቅ ነበር፤ አልጻፍኩትም። አባትሽ በዚህ ምክንያት ብዙ ተንገላቱ፤ ጁምዓም አምልጧቸዋል። እንዳትከፊ ብለው አልነገሩሽም። እንደ ደመና ትንሳፈፋለች ያልኩሽን አላየሁም። አሁን መላ ተገኝቷል፤ ስትቆም አባትሽ ፋቲሓ ያነባሉ፣ አንብበው ሲጨርሱ ትሄዳለች። ከመካነ ሰላም ወግዲ ሰባት ቦታ እንዲህ ይሆናል። ‹ቃሌ ነው› ብዬሽ ነበር። ይቅር በይኝ።»

ላክሁት። መልስ የለም። ሰኞ የለም፤ ረቡዕ የለም። በየእረፍቱ ወጥቼ ስልኬን ወደ ሰማይ አነሳለሁ። ሐሙስ ላይ ጥፋቱ የኔትወርኩ ነው ብዬ ራሴን ለማሳመን ብሞክር፣ ለካ ያን ቀን ኔትወርኩ አራት መስመር ሞልቶ ነበር።

ዓርብ የድምፅ መልእክት መጣ። ብቻዬን ሆኜ ሰማሁትና፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሐጂ ወደ መካነ ሰላም ሲመጡ መንገድ ዳር አስቁሜ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው። ሐጂ እሜቴ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፤ እኔ እጄን ዘርግቼ ቆሜአለሁ። የልጅቱ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ቀጭን ሆኖ ይወጣል።

«መምህር፣ መጀመሪያ በጣም ተናደድኩብህ። ሦስት ቀን ተናደድኩ። ከዚያ አባቴ ማርያም ደጃፍ ዳቦ ይዞ ሲነቃ ታየኝና ሳቅኩ፤ ሰው ሁሉ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ምን ሆነች አለ። የማርያሙን ወግዲ ያለችው እኅቴ ነግራኝ ነው፣ አንተ አልጻፍከውም። አሁንም እየቀነስክ ነው። ለአባቴ ይህን አሰማልኝ። አባ፣ የሄድኩ ዕለት ወግዲ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኸኝ። ማር የሚሸጥልህ ሰው ቀጥሮህ ነበር። ዱዓ ልታደርግልኝ እጅህን አነሳህ፣ ሰዓቱን አየህ፣ ሳትጨርሰው ‹በይ አላህ ይከተልሽ› ብለህ ሄድክ። መኪናው ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆመ። አልተቀየምኩህም፣ አባ። ግን እዚህ አገር አንድ ነገር በገጠመኝ ቁጥር ያ ዱዓ ሳያልቅ ቀርቶ ነው እላለሁ። አሁን ሰባት ቦታ የምታስቆምህ ከሆነች፣ አንዱ ላይ ጨርስልኝ። በቅሎዋን እንዳትሸጣት።»

ሐጂ «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ስልኩን ከጆሯቸው በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ቆባቸውን አስተካከሉና በቅሎዋን ወደ መውጫው መለሷት።

በዓይኔ ተከተልኳቸው። እሜቴ ሚካኤል ደጃፍ ስትደርስ ቆመች። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ከኋላቸው መጥቶ ጥሩንባውን ለቀቀው። ሐጂ አልዞሩም። ልጓሙን ኮርቻው ላይ ጣል አድርገው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ፋቲሓ ምን ያህል እንደሚፈጅ አሁን አውቃለሁ። ያን ቀን ከዚያ አለፈ፤ እጅግ አለፈ። አይሱዙው እንደገና ጮኸ። ገበያተኛው አህያውን እየነዳ በግራና በቀኛቸው ያልፋል። እሜቴ ጆሮዋን ወደ ኋላ መልሳ ትሰማለች።

ሹፌሩ በመጨረሻ ሞተሩን አጠፋ፤ ወረደና፣ ምንም ያልሆነውን ጎማውን ሲያይ ቆየ።